«የሰርጋችንን ብር ሞላ በላው»

በዚህ አምድ ስለ ቅናት፣ ስለ አማት፣ ስለ ብድር፣ ስለተመለሰ ቀለበት ስንት ደብዳቤ አንብበናል። ስለ ሞተር ሳይክል ሞላ ሲጻፍልኝ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሞተር ነፍሴ ስለሆነ ደብዳቤውን ከሌሎቹ አስቀድሜዋለሁ፤ ወረፋ የምትጠብቁ አትቀየሙኝ። ጠያቂያችን እንዲህ ትላለች፦

«ዕድሜዬ 26 ነው። እጮኛዬ 29 ዓመቱ ሲሆን አሜሪካ ቨርጂኒያ ይኖራል። ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ማታ ደግሞ ምግብ በማድረስ ይሰራል። ሰርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። ለአዳራሽና ለቬሎ የሚሆን ብር እልካለሁ ብሎኝ ነበር። ባለፈው ወር ግን ‹በሞተር ወደቅኩ፣ ግራ እጄን አሞኛል፣ መጀመሪያ ሰስፔንሽኑን ማስተካከል አለብኝ፣ 1,800 ዶላር ይፈጃል› አለኝ። ሞተሩን የሚነዳው ለስራ እንዳይመስላችሁ። በእረፍት ቀኑ የመሽቀዳደሚያ ሜዳ ላይ ሊሮጥበት ነው። በሚመጣው የውድድር ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር እገባለሁ ይላል። ጓደኞቼ ‹ሞላ ምን ቆርጦት 1,800 ዶላር ይበላል? ሴት ይዞ ነው› አሉኝ። እኔ የሞተር ነገር አላውቅም። እየሸወደኝ ነው ወይስ እውነቱን ነው? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።»

እህቴ፣ ሴት ይያዝ አይያዝ እኔ ከአዲስ አበባ ሆኜ ላውቅልሽ አልችልም። ሞላ 1,800 ዶላር ይበላል ወይ የሚለው ግን የሚታወቅ ነገር ነው። ስለዚህ ነው መልስ ከመስጠቴ በፊት የሞተሩን ዓይነት፣ የእሱን ክብደትና ጥቂት ልኬቶች እንድታስልኪልኝ የጠየቅኩሽ። በማግስቱ መልሱ መጣልኝ። አብረውት የሚኖሩትን ሁለት ልጆች ከእንቅልፍ ቀስቅሶ፣ አንዱ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይዞለት፣ ሌላው ሜትር ይዞ ተንበርክኮ፣ እሱ ሙሉ የቆዳ ልብሱን ለብሶ ተቀምጦበት ነው የለካው። ለሴት የሚዋሽ ወንድ በእኩለ ሌሊት እንዲህ ዓይነት ጣጣ ውስጥ ይገባል ብዬ አላምንም። ይሄ የኔ ግምት ነው፤ ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። መጀመሪያ የት እንደሚነዳ ላስረዳሽ። ሰሚት ፖይንት የሚባለው ሜዳ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ዋናው መስመር ሁለት ማይል ሲሆን አስር ኩርባዎች አሉት። በዚያ አገር አማተሮች ከፍለው የሚነዱበት ቀን አለ፤ ጀማሪ፣ መካከለኛና የበሰለ እያሉ በቡድን ይከፍሏቸውና እየተፈራረቁ ሃያ ሃያ ደቂቃ ያህል ይነዳሉ። እዚያ ማንም ሰዓት አይዝም፣ ዋንጫም የለም። ውድድር የሚባለው ሌላ ነው። ለእሱ ትምህርት ወስደሽ ፈቃድ ታወጪያለሽ፤ ጀማሪው በቢጫ ሰሌዳ ላይ ቁጥሩን ለጥፎ ይሰለፋል። ልብ በይ፣ አማተር ከኪሱ ከፍሎ ነው የሚሮጠው። ከዚህ ተነስቶ ሃብታም እሆናለሁ ብሎሽ ከሆነ ያኔ እየሸወደሽ ነው።

እንግዲህ ሰስፔንሽን ማለት ምን መሰለሽ? አሞርዛቶሩ የሞተ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ አይደል? ጉድጓድ ሲያልፍ አንዴ ነጥሮ አይበቃውም፤ ሦስቴ አራቴ ይዘላል፣ አንቺም ጣሪያ ትነኪያለሽ። ያ ሞላው ያለ ሃይ ባይ ሲቀር ነው። ሞላው ክብደቱን ይሸከማል። አሞርዛቶሩ ውስጥ ያለው ዘይት ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ እየተጨነቀ ሲያልፍ የሞላውን ዝላይ ያረግበዋል። ሞተር ሳይክል ላይም ነገሩ ያው ነው፤ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት ቱቦዎች ውስጥ ሞላና ዘይት አለ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ አሞርዛቶር ከነሞላው ቆሟል። ልዩነቱ ሚኒባስ ቢነጥር ጣሪያ ያስነካሻል፤ ሞተር በኩርባ ላይ ተጋድሞ ሳለ ቢነጥር ግን ጎማው አስፋልቱን ይለቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን የእጮኛሽ ግራ እጅ ይናገራል።

የሱ ሞተር የ2007 ሱዙኪ ኤስቪ 650 ነው። ይሄ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ በአማተሮች ዘንድ በጣም የተወደደ ነው፤ ዋጋው አይጎዳም፣ ቀላል ነው፣ ኃይሉ ጀማሪን አያስበረግግም። ታዲያ ርካሽ ሆኖ የተሰራው ከየት ተቀንሶለት ነው ብትዪኝ ከሰስፔንሽኑ ነው እልሻለሁ። ፋብሪካው ለከተማ መንገድና ቀለል ላለ ሰው ብሎ ለስላሳ ሞላ አስገብቶበታል። እጮኛሽ በደብዳቤው «ስንት ክሊክ ላዙር?» ብሎ ጠይቆኛል። ወንድሜ፣ አንተ ሞተር ላይ የሚዞር ክሊክ የለም! ውድ ሞተሮች ላይ የዘይቱን መተላለፊያ የሚያጠብና የሚያሰፋ ትንንሽ ብሎን አለ፤ በካቻቢቴ ሲዞር ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ክሊክ የሚሉት እሱን ነው። ያንተ ላይ ከፊትም ከኋላም ያለው የሞላውን መነሻ የሚያጠብቀው ብቻ ነው፤ ፕሪሎድ ይሉታል።

ፕሪሎድ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ጋራዥ ውስጥ ሳይቀር «አጥብቀው፣ ይጠነክራል» ሲባል ትሰማላችሁ። አይጠነክርም። ሞላው አንድ ሚሊሜትር ለመግባት የሚፈልገው ኪሎ ያው ነው፤ ፕሪሎድ የሚያደርገው ሞተሩን ከፍ አድርጎ ማስቆም ነው። አልጋሽ ቢረግብ እግሩ ስር ጡብ ብታደርጊ ከፍ ይላል እንጂ ፍራሹ አይጠነክርም፣ እንደዚያ በዪው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚለካው ሳግ የሚባለው ነው፤ ነጂው ሲቀመጥበት ሞተሩ ስንት ሚሊሜትር ይዘቅጣል ማለት ነው። አለካኩ እንዲህ ነው። ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ የፊት ቱቦው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ክፍል ይለካል። የእጮኛሽ 140 ሚሊሜትር ሆነ። ከዚያ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይቀመጥና ሞተሩን ወደ ታች ተጭነው ቀስ ብለው ይለቁታል፤ ሲለካ 92። ቀጥሎ ወደ ላይ ሳብ አድርገው ቀስ ብለው ይለቁታል፤ 98። ሁለቱ የሚለያዩት ፓራኦሊዮውና ቱቦው ስለሚፋተጉ ነው፤ ስለዚህ መሃሉ ይወሰዳል፣ 95። ከ140 ላይ 95 ሲቀነስ 45 ሚሊሜትር። ለመሽቀዳደሚያ ሜዳ የሚፈለገው ከፊት ከ30 እስከ 35 ነው። ልጁ ገና ፍሬን ሳይነካ ከጠቅላላው እንቅስቃሴ ከሲሶው በላይ ጨርሶታል ማለት ነው።

ፕሪሎዱን እስከ መጨረሻው ሲያጠብቀው 36 መጣለት። «ተስተካከለ ማለት ነው?» ይላል። አልተስተካከለም። ለምን መሰለሽ፣ ቱቦው ላይ አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮበት ነበር፤ ቱቦው በገባ ቁጥር ማሰሪያዋ ትገፋና የደረሰችበት ትቀራለች። ከሜዳ ሲመለስ ማሰሪያዋ የት ቆመች? መጨረሻው ላይ! አጥብቆም ሄደ፣ ያው መጨረሻው ላይ። ጥሩ ሞተር በጣም ኃይለኛ ፍሬን ከተያዘበት በኋላ ወደ አስር ሚሊሜትር ያህል ሊተርፈው ይገባል። ሰሚት ፖይንት ላይ ከአስረኛው ኩርባ ወጥተሽ ረጅሙን ቀጥታ መስመር ትበሪበታለሽ፣ መጨረሻው ላይ ለአንደኛው ኩርባ ፍሬን ትይዢያለሽ። ያኔ የሞተሩና የሰውየው ክብደት በሙሉ ለማለት ይቻላል ወደ ፊት ጎማ ይመጣል። ቱቦው መጨረሻውን ነክቶ ከቆመ ደግሞ ሰስፔንሽን የሚባል ነገር የለም፤ ትንሿ የአስፋልት እብጠት በቀጥታ ጎማውን ትመታዋለች።

የወደቀው እዚያው አንደኛው ኩርባ ላይ፣ ፍሬን እንደያዘ ሲያጋድም ነው። ስለዚህ ሞላው ጥፋት አለበት ብሎ ማሰቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ወንድሜ፣ ራስህ የጻፍከውን መልሰህ አንብበው። «በጠዋቱ የመጀመሪያው ዙር ላይ ገና ሁለተኛውን እየዞርኩ» ብለሃል። ያን ሰዓት ጎማህ ቀዝቃዛ ነበር። ቀዝቃዛ ጎማ የዓለምን ምርጥ ሰስፔንሽን ብትገጥምበትም ያንሸራትትሃል። ስለ ጎማ አየርህ ደግሞ አንድም ቃል አልጻፍክልኝም። ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ጎማውን ለካው፣ ልኩንም ከጎማ ሻጩ ጠይቅ፤ በጠዋትም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች እንደ ሽማግሌ ንዳ። ይሄ ምንም ብር አይጠይቅም።

የኋላውም ተለክቷል። በደረጃ የሚዞረውን ፕሪሎድ የመጨረሻው ደረጃ ላይ አድርሶት ሲቀመጥ 34 ሚሊሜትር ዘቀጠ፤ መጥፎ አይደለም። ሰው ሳይቀመጥበት በራሱ ክብደት የዘቀጠው ግን አንድ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከአምስት እስከ አስር መሆን ነበረበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። «ባዶውን ካልዘቀጠማ ሞላው ጠንካራ ነው» ይላሉ። ተገላቢጦሹ ነው። ሞላው ለስላሳ ስለሆነ ሰውየውን እንዲሸከም ብለን ከመጠን በላይ አጥብቀነዋል፤ ስለዚህ ባዶውን ሲሆን እስከ ጫፉ ተዘርግቶ ይቆማል። በፍሬን ጊዜ ጅራቱ ሲነሳ የኋላ ጎማ መሬቱን ተከትሎ የሚወርድበት ቦታ የለውም ማለት ነው። ባዶውን ብዙ ቢዘቅጥ ኖሮ ነበር ሞላው ጠነከረ የምንለው።

በነገራችን ላይ እናንተ እዚህ ከተማ በሞተር የምትንቀሳቀሱ አንባቢያን፣ ሳግ ለእናንተም ይሰራል። ብቻችሁን ስትሆኑና ከኋላ ሰው ስትጭኑ የኋላው ፕሪሎድ አንድ ደረጃ ላይ መሆን የለበትም። ሰው ጭናችሁ ጅራቱ ሲወርድ የፊት መብራታችሁ ሰማይ ሰማይ የሚያየው፣ መሪውም የሚቀለው በዚህ ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ፣ እህቴም የምትጠብቀው ይሄንን ነው። እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ሰው «ኦህሊንስ ካልገጠምክ አትድከም» ብሎታል። ኦህሊንስ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሰረተ የስዊድን ኩባንያ ነው፤ ወርቃማ ቀለም ያለው ዕቃው ታላላቅ ውድድሮች ላይ ይታያል። ዕቃው ግሩም ነው፣ ማንም አይክድም። ግን ለኋላ ብቻ ነው ሊገዛ ያሰበው! ፊቱ እንደዚያ መሬት እየነካ የኋላውን ወርቅ ማልበስ ጫማው ተቀዶ ባርኔጣ እንደመግዛት ነው። ደግሞስ ውድ አሞርዛቶር ከነሞላው ሲመጣ ሞላው ለእሱ ክብደት ካልሆነ ያው ነው። ክብደት ስል ከአልጋ ሲነሳ ያለውን አይደለም። እሱ 84 ኪሎ ነው፤ ቆዳ ልብሱን፣ ሄልሜቱን፣ ቦቲውንና የጀርባ መከላከያውን አድርጎ ሚዛን ላይ ሲወጣ 95 ሆኗል። ሞላ የሚታዘዘው በ95 ነው።

በእኔ ግምት ይሄ ልጅ የሚያስፈልገው የሚከተለው ነው። ለፊት ጥንድ ሞላ፣ 0.90 ወይም 0.95 የሚባለው። 0.95 ማለት አንዱ ሞላ አንድ ሚሊሜትር ለመግባት 0.95 ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው። እኔ ብሆን በ95 ኪሎ ለሜዳ 0.95ን እወስዳለሁ፤ በሞተሩ ወደ ስራም የሚሄድበት ከሆነ ግን 0.90 ይበቃዋል። ዋጋው ከመቶ ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። ሞላው ሲቀየር ዘይቱም ይቀየራል፤ የ2007 ሞተር ውስጥ ያ ዘይት ተቀይሮ የማያውቅ ከሆነ ሲወጣ ጭቃ ቢመስል አይደንግጥ። ዘይቱ የሚለካው በሊትር ብቻ አይደለም። ሞላው ወጥቶ፣ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ገብቶ ሳለ ከአፉ እስከ ዘይቱ ያለው ባዶ ቦታ ነው የሚለካው፤ ልኩ ከሞላው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ አለ። ሁለቱም ቱቦ እኩል ይሁን። በኋላ ማሰሪያዋ አሁንም መጨረሻ ከነካች ዘይቱን በአምስት ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ማድረግ ነው፤ የታሰረው አየር መጨረሻ ላይ እንደ ተጨማሪ ሞላ ይገፋል።

ቀጥሎ ዘይቱ የሚያልፍበት ነገር አለ። ኤስቪ ላይ ዘይቱ የሚያልፈው በተበሳ ቀዳዳ ብቻ ነው። ቀዳዳ ደግሞ አስቸጋሪ ባህሪ አለው፤ ዘይቱ የሚገፋበት ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍሬን ሲያዝ ቱቦው ቀስ ብሎ ስለሚገባ ቀዳዳው አይገታውም፣ አፍንጫው ይደፋል። ድንገተኛ እብጠት ሲመጣ ደግሞ ዘይቱ ማለፊያ አጥቶ ይታነቅና እጅ ያነዝራል። ያ ልጅ «በፍሬን ሲለሰልስ በጉድጓድ ይደርቃል፣ ግራ ገባኝ» ያለው ይሄ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሰራ ኢሙሌተር የሚባል ቫልቭ አለ፤ ሬስ ቴክ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ የሚሰራው የታወቀ ነው። ከሞላው ስር ይቀመጣል፣ ውስጥ ያለው ዘንግ ቀዳዳዎቹ በመሰርሰሪያ ይሰፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ዘይቱን የሚቆጣጠረው ቀዳዳው ሳይሆን ቫልቩ ይሆናል። ወደ ሁለት መቶ ዶላር ያወጣል። መሰርሰሪያ የያዘ ጓደኛ ካለው ራሱ ይገጥመዋል። ሞላው ወደ ላይ የሚመለስበትን ፍጥነት ግን ኢሙሌተሩ አይነካውም፤ እሱን የሚወስነው የዘይቱ ውፍረት ነው።

ለኋላ ደግሞ እነዚያ ሜዳዎች ላይ ብዙ ኤስቪ የሚነዳ አማተር የሚያደርገውን ያድርግ፤ ከትልልቆቹ የሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር ሞተሮች የወጣ ያገለገለ አሞርዛቶር ይፈልግ። ሞላው ጠንከር ያለ ነው፣ ክሊክም አለው፣ ዋጋውም ከአዲስ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን የትኛው ዓመተ ምህረት ያለ ችግር እንደሚገባ የገጠመ ሰው ይጠይቅ፤ የአንዳንዶቹ ርዝመት ይበልጣል። ሲረዝም ጅራቱ ይነሳል፣ ሞተሩ ወደ ኩርባ ቶሎ ይገባል፤ በጣም ከተነሳ ግን ቀጥታው ላይ መሪው መወዛወዝ ይጀምራል። ደረቱ ላይ ዘይት ያዘለም እንዳይገዛ።

ክሊክ ሲያገኝ እንዳይፈነጥዝ ደግሞ አንድ ነገር ልንገረው። መጀመሪያ ብሎኑን ወደ ቀኝ ቀስ ብለህ እስኪዘጋ አዙረው፣ ስንት ክሊክ እንደሆነ ቁጠርና ደብተርህ ላይ ጻፈው፣ መልሰህ የነበረበት አድርገው። ከዚያ ወንበሩን በኃይል ተጫነውና ልቀቀው። አንዴ ተነስቶ ዝም ካለ ጥሩ ነው። ተነስቶ እንደገና ከወረደ የመመለሻው እርጋታ አንሷል፣ ያ ሚኒባሱ ነው። እንደ ታመመ ሰው እየተጎተተ ከተነሳም መጥፎ ነው፤ ተከታታይ እብጠት ላይ ከአንዱ ሳይመለስ ሌላው እየመጣበት ወደ ታች ይቀራል። ሁለት ሁለት ክሊክ ቀይር። በአንድ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ነገር በላይ አትንካ። ሁለት ነገር ቀይረህ ቢሻልህ የትኛው እንዳሻለህ አታውቅም፤ ቢብስህም እንደዚያው። ከባሰ ደብተሩን አይተህ ወደ ነበረበት ትመልሰዋለህ።

ሂሳቡን እንስራው እህቴ። ሞላ፣ ዘይት፣ ኢሙሌተርና ያገለገለ የኋላ አሞርዛቶር ተደምሮ ከአምስት መቶ ዶላር ብዙ አይርቅም። ስለዚህ እጮኛሽ «ሰስፔንሽኑ ካልተስተካከለ እጎዳለሁ» ሲል አልዋሸሽም፤ ልኬቱ ይመሰክርለታል። 1,800 የሚለው ግን የሞላው ዋጋ ሳይሆን የወርቃማው ቀለም ዋጋ ነው። ከአምስት መቶው ላይ ድርድር አታንሺ፤ ሞተሩን እስካልተወ ድረስ በዚያ ለስላሳ ሞላ ውድድር ከሚገባ አዳራሹ ቢያንስ ይሻላል። የተረፈውን 1,300 ግን ጠይቂው፣ መብትሽ ነው። ከመውደቁ በፊት ቃል የገባልሽ ብር ነው።

ጓደኞችሽ «ሞተሩን ይሽጥና ይገላገል» ማለታቸውንም ጽፈሻል። እኔ እንዲህ ብዬ አልመክርሽም። ሁለት ስራ የሚሰራ ልጅ የሚደሰትበትን አንድ ነገር በደብዳቤ ብታስጥዪው ከሰርጉ በኋላ ይቆጥርብሻል። ይልቅ አዲሱ ሞላ ከገባ በኋላ ከመጀመሪያው ቀን ሲመለስ ማሰሪያዋ ቱቦው ላይ የት እንደቆመች ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ከመጨረሻው አስር ሚሊሜትር ያህል ከተረፈ ተገቢውን ሰርቷል። አሁንም መጨረሻውን ከነካች፣ ቢጫውን ሰሌዳ ከመለጠፉ በፊት ለኔም ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

ከሳሪስ «ፍቅረኛዬ ከወንድሜ ጋር ዕቁብ ገባች» ብለህ የጻፍክልን ወንድማችን፣ ያንተን ጉዳይ በሚቀጥለው ሳምንት እናነሳዋለን።